ምዕራፍ ስድስት፦ ከእጃቸው መቀበል

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ታይላንድ መንደሮች ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ ሳይቀምስ መመለስ ጀመረ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚያ አገር የለቅሶ ወግ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አስከሬኑ ከመቃጠሉ በፊት ለተከታታይ ምሽቶች መነኮሳት እየመጡ ጸሎት ያደርሳሉ፤ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ያበስላሉ፤ የመጣው ሰው ሁሉ ከቀረበለት ይቀምሳል። አለመቅመስ ሐዘንተኛን ማስቀየም ነው። ሟቹን የገደለው ኤድስ መሆኑ ሲወራ ግን ለቀስተኛው ይመጣል፣ መዳፎቹን አጋጥሞ እጅ ይነሣል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ሳህኑን ሳይነካ ተነሥቶ ይሄዳል። ክፉ ቃል የተናገረ የለም። ቤተሰቡ ግን ሁሉንም ዐይቷል።

ገበያም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ምግብ አብስላ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ባሏ በምን እንደሞተ ከታወቀ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ይቀሩባታል። ልጇ ውሃ የጠጣበትን ኩባያ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚነካው አይገኝም። የገዛ እህቷ እንኳ ሳህኗን ለይታ ታስቀምጥላታለች። መገለል በዚያ አገር ዋና መገለጫው ስድብ አልነበረም፤ ማዕድ ነበር። ማን የማንን ምግብ ይበላል፣ ማን ከማን እጅ ይቀበላል የሚለው ጥያቄ ነበር። የዚህ ምዕራፍ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ መፍትሔውም የተገኘው እዚያው ማዕዱ ዙሪያ ነው።

ቫይረሱ በምግብ እንደማይተላለፍ ሰዎቹ አልተነገራቸውም ማለት አይቻልም። ታይላንድ ኤች አይ ቪን በመከላከል ረገድ በዓለም ስማቸው ከሚጠራ አገሮች አንዷ ናት። የመጀመሪያው ታማሚ የተመዘገበው በ1984 ነበር። በ1988 ባንኮክ ውስጥ መርፌ እየተጋሩ አደንዛዥ ዕፅ በሚወስዱ ሰዎች መካከል ቫይረሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሦስት ሰው አንዱን ያዘ። በማግሥቱ ዓመት በሰሜኗ ትልቅ ከተማ በቺያንግ ማይ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች ደም ሲመረመር 44 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ ተገኘባቸው። ብዙም ሳይቆይ በሰሜኑ ክፍል ለውትድርና ከሚመለመሉ ወጣቶች ከአሥሩ አንዱ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ነበረ። እነዚህ ወጣቶች ያገባሉ፤ ሚስቶቻቸው ያረግዛሉ። ወረርሽኙ ከከተማ መንደር የገባው በዚህ መንገድ ነው።

መንግሥት አልተኛም። ዶክተር ዊዋት ሮጃናፒታያኮርን በ1989 በራቻቡሪ ክፍለ ሀገር የጀመሩት መቶ በመቶ የኮንዶም መርሐ ግብር በ1991 አገር አቀፍ ሆነ። በዚያው ዓመት በጠቅላይ ሚኒስትር አናንድ ፓንያራቹን መንግሥት ውስጥ የገቡት ሜቻይ ቪራቫይድያ ሬዲዮውንም ቴሌቪዥኑንም ስለ ኤድስ እንዲናገር አደረጉ። ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ በ1991 ወደ 143,000 ይገመት የነበረው አዲስ ተያዥ በ2003 ወደ 19,000 ወረደ። ይህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ማለት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተላለፈው መልእክት በፍርሃት የታጀበ ነበር። የከሱ ገላዎች ሥዕል፣ ሞትና ኤድስን አንድ አድርጎ የሚያሳይ ማስታወቂያ በየቦታው ተለጠፈ። ሕዝቡ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተማረ፤ ኮንዶም መጠቀምንና የታመመውን መሸሽን። ለጤናማው ሰው ሕይወት ያተረፈው ትምህርት ቫይረሱ አስቀድሞ በደሙ ውስጥ ለገባው ሰው የፍርድ ውሳኔ ሆኖ ተነበበ። ፍርሃትን እንደ መሣሪያ የሚጠቀም ማንኛውም ዘመቻ ይህን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማሰብ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ከፋዩ ሁልጊዜ አስቀድሞ የታመመው ነውና።

በዚህ ላይ ሃይማኖቱ ተጨመረ። ከታይላንድ ሕዝብ ከአሥር ዘጠኙ ያህል ቡድሂስት ነው። የቡድሃ ትምህርት ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ካርማ ነው፤ ሰው በሐሳቡ፣ በቃሉና በሥራው የዘራውን በዚህ ሕይወት ወይም በሚቀጥለው ያጭዳል። ሊቃውንቱ ይህን ሲያብራሩ ብዙ ጥንቃቄ ያደርጋሉ። በሽታ ሁሉ የካርማ ውጤት አይደለም፤ የአየር ጠባይም፣ የአካል ሚዛን መዛባትም፣ አደጋም በሽታ ያመጣሉ ብለው የጥንቶቹ ጽሑፎች ራሳቸው ይዘረዝራሉ። መንደር ውስጥ ግን ትምህርቱ ይቀጥናል። «የሠራችውን አገኘች» ይባላል። ባሏ ብቻ እንጂ ሌላ ወንድ የማታውቅ ሴት እንኳ «ባለፈው ሕይወቴ ምን ሠርቼ ይሆን?» እያለች ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች።

ከውጭ የሚመጣው ማግለል ያማል፤ ሰውዬው ራሱ የሚያምንበት ማግለል ደግሞ ይገድላል። በሽተኛው ይገባኛል ብሎ ስለሚያምን ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ቢሄድም ሌላ ስም ይሰጣል። ቤተ መቅደስ መሄዱን ይተዋል። ከመገለሉ በፊት ራሱን ያገልላል፤ ጎረቤቶቹም መቅረቱን ሲያዩ የጥፋተኛነት ምልክት አድርገው ይወስዱታል። የሁለቱ መገለሎች መመጋገብ ነበር አዙሪቱን የማይሰበር ያስመሰለው።

ይህን አዙሪት ከመጀመሪያዎቹ የተጋፈጡት ገዳማት ናቸው። ከባንኮክ በስተሰሜን በምትገኘው በሎፕቡሪ፣ ዋት ፕራ ባት ናም ፑ የተባለው ገዳም በ1992 በሞት አፋፍ ላይ ላሉ የኤድስ ሕሙማን በሩን ከፈተ። ቤተሰብ ያመጣና በር ላይ ትቶ የሚሄድ ነበር። ሕመምተኛው ሞቶ አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ አመዱን ውሰዱ ሲባል የሚመጣ ዘመድ ይታጣል። በፖስታ የተላከ አመድም ተመልሶ ይመጣል። በነጭ ከረጢት የታሰረው አመድ በቡድሃ ምስል ሥር እየተከመረ ሄደ፤ ያንን ክምር ያየ ሁሉ ስለ መገለል ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ገዳሙ መጠለያ ላጡ ሰዎች መጠለያ ሰጠ። ማግለልን ግን ሊሰብር አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ሕመምተኛውን ከመንደሩ የሚያርቅ እንጂ ወደ መንደሩ የሚመልስ ሥራ አልነበረም። መንደሩ እንደ ነበረ ቀረ።

ሌላው መንገድ የተጀመረው ብዙም ትኩረት በማይስብ ሁኔታ ነው። ከ1993 ገደማ ጀምሮ በቺያንግ ማይና በአካባቢዋ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች እርስ በርስ መሰባሰብ ጀመሩ። ከቀደምቶቹ አንዱ ራሱን የአዲስ ሕይወት ወዳጆች ብሎ የሰየመው ማኅበር ነበር። ከዚያ በኋላ በየወረዳ ሆስፒታሉ ተመሳሳይ ቡድኖች ተፈጠሩ፤ እንደ ዶይ ሳኬት ባሉ ወረዳዎች አባላቱ በብዛት ወጣት መበለቶች ነበሩ። ወንዶቹ ቀድመው ታመው ቀድመው ሞተዋል፤ ወይም በሕይወት ያሉት ፊታቸውን ማሳየት አልፈለጉም። ሴቶቹ ግን ልጆች አሏቸው። ለልጅ ስትል አንዲት እናት ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ክብ ሠርታ ለመቀመጥ ትደፍራለች።

ስብሰባው ብዙ ጊዜ በወር አንድ ቀን፣ በሆስፒታሉ ግቢ ባለ አንድ ክፍል ወይም በቤተ መቅደሱ አዳራሽ ይካሄድ ነበር። ነርስ ትገኛለች፤ ግን ብዙ አትናገርም። አንዷ ሴት ተነሥታ መቼ እንደተመረመረች፣ ለማን እንደነገረች፣ አማቷ ምን እንዳለቻት ትናገራለች። የምታዳምጠው ሌላዋ ሴት ይህ ሁሉ በእሷ ላይ ብቻ የደረሰ ይመስላት ነበር። ከዚያ ወሬው ወደ ተራ ነገር ይወርዳል፤ ተቅማጥ ሲይዝ ምን ይበላል? የቆዳ ሽፍታን የሚያስታግሰው የትኛው ቅጠል ነው? ለልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ድጎማ የሚጠየቀው የት ነው? መድኃኒት በሌለበት በዚያ ዘመን የአገር ባህል ቅጠላ ቅጠልና ተመስጦ ብዙ ቦታ ነበራቸው። ቅጠሉ ቫይረሱን አይገድልም። አብሮ መልቀም፣ አብሮ መቀቀልና አብሮ መቀመጥ ግን ሰውን ከቤቱ ያወጣዋል።

ተመስጦውንም በዚህ ዐይን ማየት ይገባል። የቡድሂስት ተመስጦ ብቻን ሆኖ ዐይን መጨፈን ተደርጎ ይታሰባል፤ በእነዚህ ቡድኖች ግን በጋራ የሚደረግ ነበር። ትንፋሽን በመከታተል ይጀመራል፤ ቀጥሎ ሜታ የሚባለው በጎ ምኞት ይመጣል። ተቀማጩ በመጀመሪያ ለራሱ ደኅንነትን ይመኛል፤ ከዚያ ለሚወደው፣ ለማያውቀው፣ በመጨረሻም ለበደለው ሰው። ከራስ መጀመሩ ላይ ላፍታ ልቆይ። ራሱን እንደ ርኩስ ለሚቆጥር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ጎረቤቱን ይቅር ማለት ሳይቀለው አይቀርም። እንደ እሱ ያሉ ሃያ ሰዎች ያንኑ ምኞት ለራሳቸው ሲመኙ አጠገባቸው ተቀምጦ መስማት ግን ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ያስችለዋል።

ቡድኖቹ እየጠነከሩ ሲሄዱ ሥራቸው ከክፍሉ ወጣ። የታመመ አባል ቤት ሄደው ያጥባሉ፣ ያበላሉ። ጎረቤት የሚያየው አሁን ሌላ ነገር ነው፤ ቫይረሱ ያለባት ሴት ሌላውን ስታስታምም። ለቅሶ ቤት ምግብ የሚያበስሉም፣ ከምግቡ የሚበሉም እነሱ ሆኑ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የየወረዳው ቡድኖች ተሳስረው ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች አገር አቀፍ መረብ ሆኑ፤ የአባል ቡድኖቹ ቁጥርም ወደ መቶዎች አደገ።

አሁን ወደ ማዕዱ ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉ ሲሆን መንደሩ ገና አልተለወጠም ነበር። ለምን እንዳልተለወጠ ለመረዳት በአንድ የታይላንድ መንደር ማለዳ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል።

ጎሕ ሲቀድ መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው፣ በሰልፍ፣ የምጽዋት ሳህናቸውን ይዘው ከገዳም ይወጣሉ። አይለምኑም፤ ዝም ብለው ያልፋሉ። የመንደሩ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። አንዲት ሴት ጫማዋን ታወልቃለች፣ ትንበረከካለች፣ የሞቀ ሩዝ በእጇ ወይም በማንኪያ ታኖርላቸዋለች። መነኩሴ የሴትን እጅ እንዳይነካ ሕጉ ይከለክለዋል፤ ስለዚህ ምግቡ በቀጥታ ወደ ሳህኑ ይገባል። የተሰጠውን አይመርጥም። ከቀትር በኋላም አይበላም፤ ስለዚህ የቀኑ ምግቡ በመንደሩ እጅ ላይ ነው። ሴቲቱ በበኩሏ የምታደርገው ታምቡን ይባላል፤ ትሩፋት መሥራት እንደማለት ነው። ይህን ትሩፋት ለራሷ ነፍስ ታስቀምጠዋለች፣ ለሞተ አባቷም ታስተላልፈዋለች። በዚያ አገር ሰጪ የሚያመሰግነው ተቀባዩን ነው፤ መነኩሴው ተቀብሎ የመስጠትን ዕድል ሰጥቷታልና።

ይህን ልብ ያለ ሰው መገለል ቫይረሱ ካለባት ሴት ምን እንደወሰደ ይገባዋል። ሰዎች አጠገቧ መቀመጥ እንደማይፈልጉ ስታይ ቤተ መቅደስ መሄድ ትተዋለች። ያበሰለችው ሩዝ ወደ ሳህኑ ሲገባ ጎረቤቶቿ ምን እንደሚሉ ስለምታውቅ በር ላይ መቆሟንም ትተዋለች። ርዳታ አይጎድልባትም ይሆናል፤ ከመንግሥት ድጎማ፣ ከድርጅቶች ብርድ ልብስና ዘይት ታገኛለች። የተነጠቀችው የመቀበል መብት አልነበረም። የመስጠት መብት ነበር። የርዳታ ሠራተኞች ለዓመታት የሳቱት ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ለተገለለ ሰው ሁልጊዜ መስጠት ተቀባይነቱን ያጸናበታል፣ ከሰው ተራ ግን አይመልሰውም።

በ1997 በቺያንግ ማይ፣ በዋት ቼዲ ሉዋንግ ግቢ ባለው የማሃማኩት ቡድሂስት ዩኒቨርሲቲ የላና ቅርንጫፍ፣ መነኮሳትና እዚያ ያስተምሩ የነበሩት አውስትራሊያዊው ላውሪ ማውንድ ሳንጋ ሜታ የተባለ ፕሮጀክት ጀመሩ። መነኮሳቱ የተነሡበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ በየሳምንቱ ወጣቶችን ይሸኛሉ፣ በየለቅሶው ይጸልያሉ፣ ከጸሎቱ በፊት ላለው ነገር ግን ምን ማድረግ እንደሚችሉ የነገራቸው የለም። ከእነሱም መካከል በሽተኛን መንካት የሚፈሩ ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ ሥልጠናው የተጀመረው ከራሳቸው ፍርሃት ነው። ቫይረሱ እንዴት እንደሚተላለፍና እንደማይተላለፍ ተማሩ። ከዚያ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ታሪካቸውን ነገሯቸው፣ አብረዋቸው ዋሉ።

ዘዴው ከውጭ የመጣ አልነበረም። መነኮሳቱ ከልጅነታቸው የሚያውቋቸውን አራቱን የከበሩ እውነቶች እንደ ሥራ ዕቅድ ተጠቀሙባቸው። በመንደሬ ያለው ሥቃይ ምንድን ነው? ምንጩ ምንድን ነው? ቢቆም ምን ይመስላል? ወደዚያ የሚወስደው መንገድ የትኛው ነው? አንድ ወጣት መነኩሴ ሰሌዳ ላይ ከሐኪሞች የተወሰደ ሠንጠረዥ ከሚገለብጥ በዚህ መንገድ ቢያስብ ወደ መንደሩ ሲመለስ የሚናገረው የራሱን ቋንቋ ነው። ካርማንም ወደ ምንጩ መለሱት። ካርማ ትናንት የተሠራ ፍርድ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ የምንሠራውም ካርማ ነው፤ በሽተኛን የሚሸሽም እየዘራ ነው ብለው ሰበኩ። በዚህ ስብከት ጥያቄው ከታመመችው ሴት ወደ ጎረቤቶቿ ዞረ።

የሚደግፋቸው ጥንታዊ ታሪክም ነበራቸው። በምንኩስና ሕጎቹ መጽሐፍ እንደሚተረከው ቡድሃ ከደቀ መዝሙሩ ከአናንዳ ጋር ማደሪያዎቹን ሲጎበኝ በተቅማጥ የታመመ፣ በገዛ ቆሻሻው ላይ የወደቀ አንድ መነኩሴ ያገኛሉ። ለሌሎቹ ስለማይጠቅም ማንም አላስታመመውም ነበር። ቡድሃ ውሃ አስመጥቶ ከአናንዳ ጋር ራሱ አጠበው፣ አንሥተውም አልጋ ላይ አስተኙት። ከዚያ መነኮሳቱን ሰብስቦ እናትና አባት እንደሌላቸው፣ እርስ በርስ ካልተጠባበቁ የሚያስታምማቸው እንደማይኖር፣ እሱን ማገልገል የሚፈልግ በሽተኛን እንዲያገለግል ነገራቸው። ይህን ታሪክ በሚያውቅ ሕዝብ መካከል መነኩሴ የኤድስ ሕመምተኛን ሲያጥብ አዲስ ነገር አላመጣም፤ የተረሳውን አስታወሰ።

ከሁሉ የላቀው ሥራቸው ግን ቃል አልነበረውም። በበዓላትና በትላልቅ ስብሰባዎች፣ መንደሩ ሁሉ በተገኘበት፣ መነኮሳቱ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ያበሰሉትን ምግብ ተቀብለው በሰው ፊት በሉ። የአካባቢ ሹማምንትም አብረዋቸው በሉ። ምእመኑ መነኮሳቱ ከተመገቡ በኋላ የተረፈውን መብላት ልማዱ ነው። አበምኔቱ ከበሉበት ድስት እምቢ ለማለት አሁን ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያት የለም። ያን ቀን በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ስለ ኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶች የተማረው ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል። ለአብሳይዋ ደግሞ ከትምህርትም በላይ ነበር፤ ሰጪ ሆነች፣ ትሩፋት አገኘች፣ ለሟች ባሏ የምታስተላልፈው ነገር ኖራት።

ቅደም ተከተሉን ግን መሳት የለብንም። አበምኔቱ ምግቧን እንዲቀበሉ አስቀድማ ማብሰል አለባት፤ ለማብሰል አስቀድማ ከቤት መውጣት አለባት፤ ከቤት ያወጣት ደግሞ የቡድኑ ክብ ነው። ብቻዋን የቆመች ሴት ድስት ይዛ በሕዝብ ፊት አትወጣም። አሥራ አምስት ሴቶች አንድ ላይ ሆነው ግን ይወጣሉ። መነኩሴ የሌለበት ቡድን በገዛ ግድግዳው ውስጥ ተከልሎ ሊቀር ይችላል፤ ቡድን የሌለው መነኩሴ ደግሞ በባዶ አዳራሽ ይሰብካል። ሳንጋ ሜታ ከዚያ በኋላ ወደ ላኦስ፣ ካምቦዲያ፣ ሚያንማር፣ ቬትናምና የቻይናዋ ዩናን የተሻገረው፣ ዩኒሴፍም በሜኮንግ አካባቢ የደገፈው፣ ሁለቱን ስላገናኘ ነው። በካምቦዲያ በየሆስፒታሉ የተከፈቱት ወዳጅ ወዳጁን የሚረዳባቸው ማዕከላት ሲሰበሰቡ መነኮሳት እየተገኙ ተመስጦ ያስተምሩ ነበር።

ሰጪነትን የመመለሱ ሐሳብ ከገዳሙ ውጭም ሥራ ሠርቷል። የሜቻይ ቪራቫይድያ የሕዝብና ማኅበረሰብ ልማት ማኅበር በ2000ዎቹ መጀመሪያ አዲስ የአነስተኛ ብድር መርሐ ግብር ሲጀምር አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ብድሩ የሚሰጠው ለጥንድ ነው፤ አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት። አብረው አሳማ ያረባሉ፣ አብረው ይሸጣሉ፣ አብረው ይከፍላሉ። ገንዘብ የሚፈልግ ጤናማ ጎረቤት አሁን ለዓመታት ያላንኳኳውን በር ማንኳኳት አለበት። መጀመሪያ ጥቅም ፈልጎ መጣ ብለን እንውሰድ። ከአንድ ሰው ጋር በየቀኑ አንድ በረት ስታጸዳ፣ ኪሳራና ትርፍ ስትካፈል፣ ቡናና ሻይ ስትጠጣ ፍርሃት የሚቆምበት መሬት ያጣል። በጎ ፈቃድን ከመጠበቅ ይልቅ መገናኛ መፍጠር እንደሚሻል ያስተማረኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱን አገር ማየቱ አይቀርም። በአዲስ አበባ ተስፋ ጎህና መቅድም በተሰኙት ማኅበራት ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ፊታቸውን ለአደባባይ የሰጡት መድኃኒት እንደልብ ባልነበረበት ዘመን ነው። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩም አንድ የሃይማኖት አባት ቃል ከብዙ ፖስተር እንደሚበልጥ ታይቷል።

ወደ ታይላንድ ስንመለስ፣ መድኃኒቱ ሲመጣ ብዙ ነገር ተቀየረ። በ2002 የታይላንድ መንግሥት መድኃኒት ፋብሪካ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ክኒን ያዋሐደውን ጂፒኦ ቪር ለገበያ አቀረበ፤ ከጥናቱ በስተጀርባ የነበሩት ፋርማሲስቷ ክሪሳና ክራይሲንቱ ናቸው። ዋጋው በወር 1,200 ባት፣ ማለትም ወደ 30 ዶላር ያህል ነበር። ክኒኑን በሰዓቱ፣ በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ መዋጥ ግን ሐኪም ብቻውን የሚያስተምረው አልሆነም። የቀድሞዎቹ ቡድኖች በየወረዳ ሆስፒታሉ ሁለንተናዊ የእንክብካቤ ማዕከላት አቋቁመው፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞችን በመሰሉ ድርጅቶች እየታገዙ አዲስ ታካሚዎችን ማስተማር፣ ቤት ለቤት መጎብኘት ጀመሩ። የሞት አስታማሚዎች የነበሩት የሕይወት አስተማሪዎች ሆኑ። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት ታይላንድ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፋቸውን እንደ ሕዝብ ጤና ችግር ማስቀረቷን አረጋገጠ፤ በእስያ የመጀመሪያዋ ነበረች።

የቡድኖቹን ድክመት ሳልናገር ባልፍ ግን ለአንባቢ ታማኝ አልሆንም። መንደሩ ልቡ የራራው በመጀመሪያ ለመበለቲቱ ነው፤ ባሏ ያመጣባት፣ እሷ ምንም ያላጠፋች ተብላ። በዚህ ርኅራኄ ውስጥ የተደበቀ ፍርድ አለ። ንጹሕ የተባለች ካለች ንጹሕ ያልተባሉም አሉ። በወሲብ ንግድ ሠርታ ወደ መንደሯ የተመለሰችው፣ መርፌ ይወጋ የነበረው፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያለው ወንድ፣ ከሚያንማር ተሰድዶ መጥቶ በግንባታ ላይ የሚሠራው፣ እነዚህ ሁሉ በመበለቶቹ ክብ ውስጥ ቦታ ለማግኘት ብዙ ዘግይተዋል። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ቡድን መሥርተዋል። ዛሬ በታይላንድ አዲስ ከሚያዙት ብዙዎቹ የከተማ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ የመንደሩ ቤተ መቅደስ ለእነሱ ሩቅ ነው። የመንደሩ ማዕድ የከፈተው በር እነሱ ዘንድ አይደርስም፤ ለእነሱ ሌላ ማዕድ ያስፈልጋል።

በገዳሙ ውስጥ ራሱ ያልተዘጋ ጉዳይ አለ። በሰሜን ታይላንድ ወንድ ልጅ ለጥቂት ሳምንታትም ቢሆን መመንኮሱ ለእናቱ የሚከፍለው ትልቁ ውለታ ነው፤ ትሩፋቱ ለእሷ ይተርፋል። የጥንቱ የምንኩስና ሕግ ለምንኩስና የሚመጣን ሰው ስለ አምስት በሽታዎች እንዲጠየቅ ያዝዛል፤ ለምጽ፣ እባጭ፣ ችፌ፣ የሳንባ ነቀርሳና የሚጥል በሽታ። ኤች አይ ቪ በዝርዝሩ የለም። ሆኖም አንዳንድ ገዳማት የደም ምርመራ ውጤት እየጠየቁ ቫይረሱ ያለበትን ይመልሳሉ። በ1990ዎቹ ቫይረሱን ከእናቶቻቸው ይዘው ተወልደው፣ እናቶቻቸውን በሞት አጥተው፣ በአያቶቻቸው እጅ ያደጉት ልጆች አሁን ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። መድኃኒታቸውን በየቀኑ ይወስዳሉ፤ በደማቸው ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይ እስኪሆን ከቀነሰ በኋላ በወሲብ ግንኙነት ለማንም አያስተላልፉም። ለሞተች እናቱ ሲል መመንኮስ የሚፈልግ ወጣት ግን ይፈቀድለት ወይም አይፈቀድለት የሚወስነው እስከ ዛሬ የየገዳሙ አበምኔት ነው።